ናይትሮጅን በሲሊንደር፦ «አይዞዎት፣ አየር ነው» የሚባለው ጋዝ

ባለፈው ክረምት ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለችው ሱቅ ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ብሎ ጠጋኝ ተጠራ። ሰውየው ደረቱ ድረስ የሚደርስ፣ ቀለሙ የተላላጠ ሲሊንደር ከደረጃው መደገፊያ አስደግፎ ቀጭን ቱቦ ሲያያይዝ፣ የሱቋ ባለቤት ልጆቹን ወደ ኋላ እየሰበሰቡ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ይፈነዳ ይሆን እንዴ?» አሉት። ቀና እንኳ ሳይል «ኧረ አይዞዎት እማማ፣ ናይትሮጅን ነው። አየር ማለት ነው» አላቸው።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሲሊንደሩ ሊያስፈራ ይገባል፤ ግን እሳቸው በቡታጋዝ ልማድ እንዳሰቡት አይነድም። ውስጡ ያለው በርግጥም ከአየር የተወሰደ ነው፤ ግን «አየር ነው» ተብሎ የተናቀ ናይትሮጅን ሰው ገድሏል። ይህ ጋዝ አያቃጥልም፣ አይመርዝም፣ አይሸትም። ጥቅሙም ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ምንም ካለማድረጉ ነው።

ናይትሮጅን ምንድን ነው?

ይህን ስታነቡ ወደ ሳንባችሁ ከሚገባው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረችው አንድ በመቶ በአብዛኛው አርገን የሚባል ሌላ ጋዝ ናት። ናይትሮጅን ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም። ከአየር የሚቀለው በጥቂቱ ስለሆነ እንደ ሂልየም ወደ ጣሪያ አይሸሽም፣ እንደ ቡታጋዝም ወለል ላይ አይተኛም። ካገኘው አየር ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ሲያመልጥ የት ነው ብሎ መፈለግ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ናይትሮጅን ብቻውን አይሄድም፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩ አቶሞች ናቸው። ማሰሪያቸው ደግሞ ሦስት ድርብ ነው፤ አንዱን ገመድ ብትበጥሱ ሁለቱ ይይዛሉ እንደማለት። በተራ ሙቀት ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ አይነድም፣ ሌላውንም አያነድም፣ ብረት አያዝግም። መብረቅ ይፈታዋል፤ የማዳበሪያ ፋብሪካም በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይፈታዋል። ገበሬው በኩንታል የሚገዛው ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ የተገኘውም ከዚሁ ከአየሩ ነው።

ጋዙን ለይቶ የገለጸው ዳንኤል ራዘርፎርድ የተባለ የኤደንብራ ሰው በ1772 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከአየር ውስጥ ለእሳትና ለትንፋሽ የሚያገለግለውን አንድ በአንድ ሲያስወግድ እሳት የሚያጠፋና አይጥ የሚገድል ጋዝ ተረፈው። ፈረንሳዊው ላቮይዚየር በኋላ «አዞት» አለው፤ በግሪክኛ «ሕይወት አልባ» ለማለት። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት፤ ለሥራ ደህንነት ሲባል እኔ ብሆን ይህንኑ ስም እመርጥ ነበር።

ሲሊንደሩ ሲወዘወዝ ለምን አይንቦጫረቅም?

የቡታጋዝ ሲሊንደር ስታነሡ ውስጡ ፈሳሽ ሲላተም ይሰማል። ናይትሮጅን ሲሊንደር ውስጥ ግን ዝም ነው። ቡታጋዝ በተራ የክፍል ሙቀት ትንሽ ሲጫኑት ፈሳሽ ይሆናል። ናይትሮጅን ግን ከዜሮ በታች 147 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በቀር የፈለገውን ያህል ቢጫኑት ፈሳሽ አይሆንም። እናም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ነው፤ በጠዋት እንደሚሞላ ሚኒባስ ታክሲ ተጠጋግቶ፣ ተጠጋግቶ፣ አሁንም «ጠጋ በሉ» ተብሎ የገባ ጋዝ።

ምን ያህል? የተለመደው ትልቁ ሲሊንደር 50 ሊትር ውኃ የሚይዝ ነው። 200 ባር ድረስ ሲሞላ ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይገባበታል። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ አንድ ባር ማለት የባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ ራሱ በላያችን የሚጭነው ያህል ነው። ጎሚስታ ቤት የቤት መኪና ጎማ 32 ተሞላ ሲባል (ፒኤስአይ በሚባል ሌላ የግፊት መለኪያ ነው) 2.2 ባር መሆኑ ነው። ሲሊንደሩ እንግዲህ ጎማውን ዘጠና ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ያን ሁሉ ጋዝ ብትመዝኑት ግን 11 ኪሎ ገደማ ነው። ብረቱ ብቻውን 60 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን፣ ተሸካሚው የሚሸከመው በአብዛኛው ዕቃውን ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል። የናይትሮጅን ሲሊንደር ምን ያህል እንደቀረው ጌጁ (የግፊት ማሳያው) በትክክል ይናገራል፤ 200 የነበረው 100 ካሳየ ግማሽ ሄዷል። ቡታጋዝ ግን ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ ብዙም ስለማይለወጥ ጌጅ ቢገጠምለትም አይረዳም። ወጡ ግማሽ ሲበስል እሳቱ ድንገት የሚጠፋብን ለዚህ ነው።

ጌጁ በሙቀትም ይንቀሳቀሳል። በ15 ዲግሪ 200 ባር የነበረ ሲሊንደር 50 ዲግሪ ሲሞቅ ምንም ሳይጨመርበት ወደ 225 ይጠጋል። በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ተሞልቶ ሰመራ ፀሐይ ላይ የቆመ ሲሊንደር ከተሞላበት በላይ ይጫናል ማለት ነው። ጤነኛ ሲሊንደር ይህን እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው። እሳት አጠገብ የተቀመጠ ወይም የምርመራ ጊዜው ያለፈበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የምርመራው ዓመት አንገቱ አካባቢ ብረቱ ላይ ተቀጥቅጦ ይጻፋል፤ ቀለም ሲደራረብበት እንዳይነበብ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

ታዲያ ይፈነዳል?

ወይዘሮዋ እንዳሰቡት በክብሪት አይፈነዳም። እንዲያውም ፋብሪካዎች እሳት እንዳይነሣ ብለው ታንክ ውስጥ የሚነዙት ናይትሮጅን ነው። አደጋው ግፊቱ ነው።

እስቲ እናስላው። 200 ባር ማለት በእያንዳንዷ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ 200 ኪሎ ያህል መግፋት ነው። ሲሊንደሩ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበርና የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ አንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ቀዳዳ ቢከፈት ጋዙ በዚያ በኩል ሲወጣ ሲሊንደሩን ወደ ኋላ በ200 ኪሎ ያህል ጉልበት ይገፋዋል። ሲሊንደሩ ከነጋዙ 70 ኪሎ ነው። ስለዚህ ይነሣል፤ ግድግዳ ቢያገኝም ሊያልፍ ይችላል። ቫልቩ ላይ የሚጠለቀው የብረት ቆብ ለጌጥ ያልሆነውና ሲሊንደር ግድግዳ ላይ በሰንሰለት የሚታሰረው ለዚሁ ነው።

ሌላው ስህተት ሬጉሌተር ሳይገጥሙ መክፈት ነው። ሬጉሌተር ማለት ከ200 ባር የሚመጣውን ለሥራው ወደሚያስፈልገው ዝቅ አድርጎ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፤ ትልቁን የውኃ መስመር ቤት ውስጥ ባለች ቧንቧ እንደምናዝዘው። ያለ ሬጉሌተር ፍሪጅ ላይ የለቀቀ ሰው ቱቦውን ወይም ኮምፕረሰሩን ሲፈነዳ ያያል፤ ከተረፈ።

መርዝ ካልሆነ እንዴት ይገድላል?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናይትሮጅን የኦክስጅንን ቦታ በመያዝ ይገድላል። ያ ብቻ ቢሆን «እንግዲህ ሲያፍነኝ እወጣለሁ» ይባል ነበር። ችግሩ አያፍንም።

ትንፋሽ ስንይዝ «አየር! አየር!» የሚያሰኘን ጭንቀት በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ድሮ በትምህርት ቤት የተቃጠለ አየር እያልን የተማርነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ሲጠራቀም የሚፈጥረው ነው። ሰውነታችን እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ቆሻሻው መውጣቱን ነቅቶ ይጠብቃል፣ እህሉ መግባቱን ግን እምብዛም አያይም። በናይትሮጅን በተሞላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንደልቡ ይተነፍሳል፤ የተቃጠለው አየር በደንብ ይወጣለታል። ዘበኛው ደስተኛ ነው። ኦክስጅን ግን አልገባም።

እንዲያውም ከአለመግባት ይብሳል። ሳንባው ውስጥ ናይትሮጅን ብቻ ሲኖር ደም ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ወደ ሳንባ ተመልሶ ይወጣና ከትንፋሽ ጋር ይሄዳል። ብዙ ሰው ትንፋሹን ይዞ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዱም አንድ ደቂቃ ይቆያል። ንጹሕ ናይትሮጅን የሳበ ግን ጥቂት ጊዜ ተንፍሶ፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ራሱን ሊስት ይችላል። ሳል የለም፣ ማቃጠል የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

የመተንፈሻው አየር ኦክስጅን ከ21 በመቶ ወርዶ ከ19.5 በታች ሲሆን በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ ያ ቦታ አደገኛ ይባላል። ከ16 በታች የልብ ምት ይፈጥናል፣ ፍርድ ይዛባል፤ «ልውጣ» የሚለው ሐሳብ የሚመነጭበት አእምሮ ቀድሞ ይደክማል። ከ10 በታች ማቅለሽለሽና መውደቅ ይመጣል። ከ6 በታች ከሆነ የቀረው ጊዜ በሰከንድ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር እናምጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ያው 21 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ግን አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ ግፊቱ የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነታችን ለምዶታል እንጂ የምንስበው ኦክስጅን የባሕር ዳርቻ ላይ 16 በመቶ ከሆነ አየር ጋር እኩል ነው። ደግሞ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ በስስ አየር ውስጥ ይበልጥ ይሰፋል፤ የባሕር ዳርቻ ላይ 10,000 ሊትር የሚሆነው እዚህ ወደ 13,000 ይጠጋል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነች፣ ጣሪያዋ 2.7 ሜትር በሆነ የተዘጋች ክፍል አንድ ሙሉ ሲሊንደር ቢያፈስ ኦክስጅኑ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ያ 12 በመቶ አዲስ አበባ ላይ፣ በባሕር ዳርቻ 9 በመቶ ከሆነው ጋር እኩል ነው። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ክፍል። በር ከተከፈተ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይፈርሳል፤ መፍትሔው ያን ያህል ቀላል ነው።

ሙያተኛ ቢሆኑም አይቀርም። መጋቢት 1981 በፈረንጆች፣ ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር መጀመሪያ ከመምጠቋ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የጅራቷ ክፍል እሳት እንዳይነሣ በናይትሮጅን ተሞልቶ ነበር። ሙከራው አልቋል ተብሎ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች ሲገቡ አንዱ በሌላው ላይ ወደቁ። አንዱ በዚያው ቀን፣ ሌላው ከቀናት በኋላ ሞተ። በዓለም ከሁሉ ይበልጥ ቁጥጥር ይደረግበታል በሚባል ቦታ ማለት ነው።

ከኦክስጅን ሲሊንደር በምን ይለያል?

በቅርጽ በምንም። በቀለም? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንታለላለን። በአውሮፓ ደንብ ትከሻው ጥቁር ከሆነ ናይትሮጅን፣ ነጭ ከሆነ ኦክስጅን ነው። በቻይና ናይትሮጅን ጥቁር፣ ኦክስጅን ውኃ ሰማያዊ። በሕንድ ደግሞ ጥቁር ሰውነት ነጭ አንገት ያለው ኦክስጅን ነው፤ ናይትሮጅኑ ግራጫ ሆኖ አንገቱ ጥቁር ነው። በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ጋዝ ሲሊንደርን ቀለም የሚወስን አስገዳጅ ሕግ የለም። ሲሊንደር ከየአገሩ በሚመጣበት ገበያ «ጥቁሩን አምጣ» ማለት እንግዲህ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም።

የሚታመነው የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የተጨመቀ ናይትሮጅን በዓለም ሁሉ ቁጥሩ 1066 ነው፤ አረንጓዴ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ይኖረዋል። ኦክስጅን 1072 ነው፤ በተጨማሪ ቢጫ ምልክት ይለጠፍበታል። ጽሑፍ የሌለው ሲሊንደር ምንነቱ ያልታወቀ ሲሊንደር ነው። ያን ቀን ጠጋኛችንን «ኦክስጅን አለመሆኑን በምን ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ከምገዛበት ቦታ» አለኝ። ሐቀኛ መልስ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ፍሪጅ ሠሪ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ቱቦው የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ በናይትሮጅን ጫን አድርጎ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባል፤ አረፋው ከተነፋ እዚያ ያፈሳል። ናይትሮጅን ደረቅ ስለሆነ እርጥበት አይተውም፣ ዘይቱንም አይነካም። በናይትሮጅን ፋንታ ኦክስጅን ከተገጠመ ግን ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ከተጫነ ኦክስጅን ጋር ይገናኛል። ያኔ ክብሪት አያስፈልግም። ወይዘሮዋ የፈሩት ፍንዳታ በትክክል ይህ ነው፤ የሚመጣው ከናይትሮጅኑ ሳይሆን በስሙ ከገባው ነው።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። በ2000 መጨረሻ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ከመጡት የኦክስጅን ታንኮች መካከል አንዱ ናይትሮጅን ነበር። መግጠሚያው አልገባ ሲል አንድ ሠራተኛ ከባዶ የኦክስጅን ታንክ ላይ መግጠሚያውን ፈትቶ ናይትሮጅኑ ላይ አሠረው። አራት ሰዎች ሞቱ። ዕቃው እኮ ተናግሮ ነበር። በአሜሪካና በጀርመን ደንብ የኦክስጅንና የናይትሮጅን መግጠሚያ ጥርስ ሆን ተብሎ የተለያየ ነው። በእንግሊዝ የቆየው ደንብ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥርስ ይጠቀማሉ፤ እዚያ አልገባ ብሎ የሚከላከል ነገር የለም። በአብዛኛው ቦታ የሚሠራ አንድ ልማድ አለ፤ የሚነድ ጋዝ ጥርሱ በግራ ይጠብቃል፣ የማይነድ በቀኝ።

ጎማ ውስጥ መሙላቱስ ይጠቅማል?

ለአውሮፕላን፣ አዎ። በ1986 አንድ የሜክሲኮ ቦይንግ 727 ጎማው በናይትሮጅን ፋንታ በተራ አየር ተሞልቶ ኖሮ፣ ፍሬኑ ግሎ ጎማው በአየር ላይ ሳለ ፈነዳ፤ 167 ሰዎች አለቁ። ግለት ባለበት ኦክስጅን የሌለው ጎማ ማስፈለጉ ከዚያ በኋላ አላከራከረም።

ለቤት መኪና ግን ልዩነቱ ቀጭን ነው። ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን አትርሱ። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ጎማዎችን በ30 ፒኤስአይ ሞልቶ አንድ ዓመት ሲያቆያቸው ተራ አየር የተሞሉት በአማካይ 3.5፣ ናይትሮጅን የተሞሉት 2.2 ቀነሱ። በነጻ ከተሰጣችሁ ተቀበሉ። ገንዘብ ከሚከፈልበት ግን በወር አንዴ ማስለካት ይሻላል።

ቺፕስ ፌስታል ውስጥ ያለው «ንፋስ»ም በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ዘይቱ እንዳይጎመዝዝና ድንቹ እንዳይደቅ የገባ ነው። እንግዲህ ከማጭበርበር ይልቅ ለማቆየት ነው፤ ትንሽ ማጭበርበሩም ባይጠፋ።

ፈሳሹ ናይትሮጅንስ?

አዳቃይ ባለሙያዎች የኮርማ አባለዘር ይዘው በየቀበሌው ሲዞሩ በሞተር ብስክሌት ላይ የሚያስሩት፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ የአሉሚኒየም ታንክ ውስጥ ያለው እሱ ነው። እዚህ ግፊት የለም፤ ያለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ነጭ ጭጋግ ይፈሳል፤ ያ የምናየው ግን ናይትሮጅኑ አይደለም፣ የአየሩ እርጥበት ቀዝቅዞ ነው። ጭጋጉ ሲጠፋ ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ ታንኩ በጭራሽ አይታሸግም፤ ክዳኑ ልል የሆነው እንዲተነፍስ ነው። መስኮቱ በተዘጋ መኪና አብሮ አይኬድም። በደንብ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች በአሳንሰር ሲያወጡት ታንኩን ብቻውን ይልኩትና ሰው ላይኛው ፎቅ ጠብቆ ይቀበለዋል፤ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ብሎ ማሰብ ነው። እኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ጥር 2021 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ጌንስቪል ከተማ በአንድ የዶሮ ሥጋ ማቀነባበሪያ ፈሳሽ ናይትሮጅን አፍስሶ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ምን እንደተፈጠረ ለማየትና ለመርዳት የገቡ ነበሩበት። ወንድሙ ወድቆ ሲያይ ሮጦ የማይገባ ሰው የለም፤ ይህ ጋዝ ደግሞ ሁለተኛውንም የሚወስደው በዚሁ ነው። ከውጭ ሆኖ በርና መስኮት መክፈት፣ መጣራት፣ የሚቻል ከሆነ ቫልቩን ከውጭ መዝጋት። መግባት የሚችለው የራሱን አየር በጀርባው የተሸከመ ብቻ ነው። በአፍ ላይ የሚታሰር ጭንብል፣ የፈለገው ጥሩ ቢሆን፣ የሌለ ኦክስጅን አያመጣም።

ጠጋኛችን ሥራውን ሲጨርስ ቫልቩን ዘጋ፣ ሬጉሌተሩን ፈታ፣ የሲሊንደሩን ቆብ ፈልጎ አጣው። ከዚያ ባጃጅ ጠርቶ ሲሊንደሩን ከኋላ መቀመጫው ላይ አስተኛው። ባጃጅ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ቢያፈስም አያፍንም። ሲሊንደሩ ግን አልታሰረም፤ ታጥፈው ሲሄዱ ሲንከባለል ከደረጃው ላይ ሆኜ ይሰማኝ ነበር።